ወፍራሙ ፊደል ምን አጠፋ?

ስለ አዲስ አበባ ዳርቻ ታፔላዎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ጸሐፊው የግራፊክ ዲዛይን ባለሙያ ናቸው። ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚወስደውን መንገድ ሲያልፉ ያዩት ነገር አላማራቸውም። ስለ ቀለሙ ጩኸትና ስለ ታፔላው መደራረብ የጻፉት አብዛኛው እውነት ነው። መጨረሻ ላይ ግን ጥፋቱን ሁሉ ሰብስበው አንድ የፊደል ዓይነት ላይ ጫኑት። ስላብ ሰሪፍ ላይ።

ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። በላቲን ፊደል ጫፍ ላይ የምትታየው ትንሽ ጭረት ሰሪፍ ትባላለች። ታይምስ ኒው ሮማን ላይ ቀጭንና ሹል ናት። ስላብ ሰሪፍ ላይ ግን ከቋሚው መስመር ጋር የሚቀራረብ ውፍረት አላት፤ ጫፏም በአራት ማዕዘን የተቆረጠ ነው። ምሰሶው ሶሌታ ላይ የቆመ ይመስላል። ሮክዌል፣ ክላረንደን፣ ኩሪየር የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ስማቸውን ባትሰሙ እንኳ አይታችኋቸዋል። ጫፉ ላይ ምንም የሌለው፣ እንደ አሪያል ያለው ደግሞ ሳንስ ሰሪፍ ነው።

የጽሑፉ ክርክር ይህን ይመስላል። ስላብ ሰሪፍ የካውቦይ ዘመን ቅርስ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ከመጮህ በቀር ሌላ ጠባይ የለውም። የዳርቻውን መንገድ ያስቀየመው እሱ ነው። ለንባብም ለስልክም አይሆንም። የእኛን ፊደል አይመስልም፣ አይመለከተንምም። ታላላቅ ድርጅቶችም ትተውታል። ስለዚህ አስተዳደሩ አንድ ቀጭን ሳንስ ይምረጥና ታፔላ ሁሉ በእሱ ይጻፍ።

እኔ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ትንሽ የማስታወቂያ ሥራ ቤት አለኝ። ስቲከር እቆርጣለሁ፣ ላይት ቦክስ (ከውስጡ የሚበራ ታፔላ) እሠራለሁ፣ ማህተምና ቲተር እቀርጻለሁ። ጸሐፊው ካዩዋቸው ታፔላዎች መካከል የእኔ እጅ ያረፈባቸው አይጠፉም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ገለልተኛ አለመሆኔን እንድታውቁት ነው።

ከታሪኩ ልጀምር። ስላብ ሰሪፍ የተወለደው አሜሪካ አይደለም። ለንደን ነው። ቪንሰንት ፊጊንስ የሚባል ፊደል ቀራጭ እ.ኤ.አ. በ1810ዎቹ አጋማሽ ላይ «አንቲክ» በሚል ስም አወጣው። ጊዜው የሎተሪና የቲያትር ማስታወቂያ የለንደንን ግድግዳ የሞላበት ነበር። እስከዚያ የነበሩት ፊደሎች ለመጽሐፍ የተቀረጹ ናቸው፤ መንገድ ተሻግሮ የሚያያቸው ሰው አይታሰብም ነበር። ስለዚህ ቀራጮቹ መስመሩን አወፈሩ፣ እግሩንም አወፈሩ። የግድግዳ ሥራ የጠየቀው ያንን ነው።

አሜሪካ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1827 ዳርየስ ዌልስ የሚባል የኒው ዮርክ ሰው እንጨት በማሽን እየቦረቦረ ትልልቅ ፊደል ማምረት ጀመረ። ትልቅ ፊደል በእርሳስ ብረት ሲሠራ ይከብዳል፣ ይወደዳል። እንጨቱ ቀላልና ርካሽ ሆነ። የገጠር ከተማ ማተሚያ ቤት ሳይቀር ገዛው። የካውቦይ ፊልሞች ያሳዩን የግድግዳ ማስታወቂያ ከዚህ ወገን ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ ነገር ደባልቀዋል። በፊልሙ የምናውቀው መልክ መደበኛው ስላብ ሰሪፍ አይደለም። እግሩና ራሱ ከቋሚው መስመር በላይ የወፈረ፣ የተገለበጠ ዓይነት ነው። ይህም ቢሆን መነሻው ለንደን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1821 የካስለን ፊደል ማምረቻ «ኢታሊያን» ብሎ አሳይቶታል። ሰው እንዲደነግጥ፣ ዞር ብሎ እንዲያይ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ይህን ግልብጥ ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ታፔላችን ስንደርስ እፈልገዋለሁ።

ሁሉም አንድ ነው፣ ሁሉም ይጮኻል የሚለው ደግሞ ገርሞኛል። ዲዛይነር ይህን ይላል?

ክላረንደንን እንይ። ሮበርት ቤስሊ የፋን ስትሪት ፊደል ማምረቻ ባለድርሻ ነበር፤ ፊደሉን የቀረጸው ቤንጃሚን ፎክስ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1845። ለጩኸት አልተሠራም። ለመዝገበ ቃላትና ለመሳሰለው ነው። በጽሑፍ መሐል አንድ ቃል ጎላ እንዲል ሲፈለግ እስከዚያ ድረስ አታሚው ያገኘውን ወፍራም ፊደል ይደነቅር ነበር። መጠኑ አይገጥምም፣ መልኩ አይገጥምም። ክላረንደን ከተራው ጽሑፍ ጋር በአንድ መስመር ላይ ተስማምቶ እንዲቆም ተደርጎ ወጣ። ዛሬ «ቦልድ» የምንለው ነገር አንዱ አባቱ ይህ ነው። የእኛ የብራና ጸሐፊዎች ይህን ችግር በሌላ መንገድ ፈትተውት ነበር፤ የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋሉ፣ አለቀ። አታሚ ግን ለአንድ ቃል ሲል ወረቀቱን ሁለቴ በማሽን ማሳለፍ አይፈልግም። ክላረንደን በእንግሊዝ የዲዛይን ሕግ ተመዝግቦ የሦስት ዓመት ጥበቃ አገኘ። ሦስት ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም ቀዳው። የማይፈለግ ዕቃ ማን ይቀዳል?

ሮክዌል ሌላ ጠባይ ነው። ሞኖታይፕ እ.ኤ.አ. በ1934 ያወጣው፣ በኮምፓስና በማስመሪያ የተሳለ የሚመስል፣ እግሩ ላይ ምንም ጥምዝ የሌለው። ኩሪየር ደግሞ ሌላ። ሀዋርድ ኬትለር እ.ኤ.አ. በ1955 ለአይቢኤም የጽሕፈት መኪና ሠራው። ጽሕፈት መኪና ላይ እያንዳንዱ ፊደል እኩል ቦታ ይይዛል። ቀጭኗ «አይ» ሰፊው «ኤም» የሚይዘውን ያህል ቦታ ስትይዝ ግራና ቀኟ ባዶ ይሆናል። ሰፊ እግር ሲደረግላት ባዶው ይሞላል። ለጌጥ አይደለም፣ ለሥራ ነው።

ጩኸት ብቻ ነው ለሚሉት ደግሞ አሜሪካን ታይፕራይተር አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ፣ ጫፉ ሁሉ የተድቦለቦለ ስላብ ሰሪፍ ነው። ሚልተን ግሌዘር «ኒው ዮርክን እወዳታለሁ» የሚለውን ባለ ቀይ ልብ ምልክት ሲሠራ የተጠቀመው በዚህ ነው። ካናቴራ ላይ፣ ኩባያ ላይ የማታዩበት አገር የለም። ያ ምልክት ይጮኻል? እኔ እንጃ፣ ለእኔ ሲበዛ የዋህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ መንገዱ። ጸሐፊው ቀጭን ሳንስ ቢሆን ኖሮ ዳርቻው ከተማ ከተማ ይሸት ነበር ይላሉ።

በዚህ መንገድ ላይ ምን እንዳለ ላስታውስ። ብሎኬት ማምረቻ አለ። ጎሚስታ አለ። የሕንጻ መሣሪያ መደብር፣ ፍሬን ሸራ ቤት፣ የብረታ ብረት ሱቅ፣ በየመሐሉ ክትፎ ቤት። ከባድ መኪና ቀንና ሌሊት ያልፋል። አቧራው ከጥቅምት እስከ ክረምት መግቢያ ድረስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን ፀሐዩ ከባድ ነው። ታፔላው እዚህ ይቆማል። የዲዛይነር ኮምፒውተር ላይ አይደለም።

ርካሹ ታፔላ ላሜራ ላይ የተለጠፈ ስቲከር ነው። ፊደሉን ፕሎተር ይቆርጠዋል፣ እኛ ትርፉን እንነቅላለን፣ እንለጥፋለን። የርካሽ ስቲከር ጠባዩ መኮማተር ነው። ሲመረት ተስቦና ተዳምጦ ስለሆነ ፀሐይ ሲመታው ወደነበረበት ሊመለስ ይፈልጋል። ወፍራም መስመር ብዙ ሙጫ ስላለው ይታገለዋል። ቀጭን መስመር አቅም የለውም። ይነሳል፣ ከሥሩ አቧራ ይገባል፣ አቧራ ከገባ ደግሞ ዳግም አይለጠፍም። ከዚያ ሕፃናት ይመጣሉ። ልጅ የተነሳ ስቲከር አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም።

ለፍትሑ ያህል፣ ስላብ ሰሪፍም እዚህ ላይ ድክመት አለው። ማዕዘን ይበዛበታል፤ ስቲከር ደግሞ መነሳት የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነው። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ከመቁረጥ በፊት ማዕዘኑን ትንሽ ማድቦልቦል፣ ወይም ተፈጥሮው ክብ የሆነውን መምረጥ። ቀጭን ፊደልን ግን ሳታወፍረው ምን ታደርገዋለህ?

ርቀቱን ደግሞ እናስላ። የአሜሪካ የመንገድ ምልክት መመሪያ ለእያንዳንዱ 30 ጫማ ርቀት 1 ኢንች የፊደል ቁመት ይሰጣል። በእኛ ልኬት 2.5 ሴንቲ ሜትር ለ9 ሜትር ገደማ ማለት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይበላል። ፊደሉ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሹፌሩ ከ72 ሜትር ላይ ጀምሮ ያነበዋል፤ አራት ሴኮንድ ተኩል የማይሞላ ጊዜ አለው። 8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን ሁለት ሴኮንድ እንኳ አያገኝም። ያውም ይህ መመሪያ የወጣው ለላቲን ፊደል ነው፣ ለመንገድ ምልክት ተብሎ በተቀረጸ ወፈር ባለ ፊደል። ግዕዙ በውስጡ ብዙ ዝርዝር ስላለው ከዚያ በላይ ቁመት ይፈልጋል። ቀጭኑን ፊደል እዚህ ስሌት ውስጥ ካስገባችሁት፣ አቧራ ለብሶ፣ ከጀርባው ፀሐይ እየመታ፣ ሹፌሩ ጎሚስታውን የሚያየው ካለፈው በኋላ ነው።

እንግዲህ የያዛችሁልኝን ግልብጥ ነገር መልሱልኝ። ደንበኛ ይመጣል። ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ረጅም ስም ሳይቀነስ፣ በአንድ መስመር፣ በሦስት ሜትር ላሜራ ላይ እንዲጻፍለት ይፈልጋል። ቁመቱም እንዳይቀንስ። ሠራተኛው ኮረል ድሮው በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ጽሑፉን ጎኑን ይይዝና ይጨምቀዋል፣ ወደ 60 በመቶ። ምን ይሆናል? ቋሚው መስመር በአግድም ስለተጨመቀ ይቀጥናል። አግዳሚው እግር ግን ውፍረቱ በቁመት የሚለካ ስለሆነ ንክች አይልም። እግሩ ከቋሚው በለጠ ማለት ነው። ያ የ1821ዱ ግልብጥ ፊደል፣ የፊልሙ ካውቦይ፣ በቱሉ ዲምቱ ላሜራ ላይ ተወለደ። የጸሐፊው ዓይን ተሳስቷል አልልም፣ ያየው ነገር በርግጥ አስቀያሚ ነው። የሠራው ግን ሮክዌል አይደለም፣ የጨመቀው እጅ ነው። ሳንስም ቢጨመቅ ይበላሻል፤ ልዩነቱ እግር ስለሌለው ነውሩ ቶሎ አለመታየቱ ነው።

ቦታ ከጠበበ ጠባብ ሆኖ የተሳለ ፊደል አለ። ሮክዌል ኮንደንስድ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ያለበት ብዙ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ይገኛል። እሱን የሳለው ሰው ጠባብ ሲያደርገው ቋሚውን መስመር መልሶ አወፍሮታል። አንድ ጠቅታ ነው። ደንበኛውንም ስሙን እንዲያሳጥር መለመን ይቻላል፤ ይህኛው ግን ከጠቅታው ይከብዳል።

«ወፍራም ሳንስም እኮ ይቆያል» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው፣ ይቆያል። እኔም እጠቀምበታለሁ። ስላብ ሰሪፍ የሚበልጥበት ግን አንድ ቦታ አለ፣ ይህም ለዳርቻው ነዋሪ ከማንም በላይ ይመለከተዋል። ጸሐፊው ላቲን ፊደል የፈረንጅ ጉዳይ ነው፣ አይመለከተንም ብለዋል። እንዴ! የሚጽፉት እኮ ስለ አዲስ አበባ ዳርቻ ነው። ከተማዋን ዙሪያዋን የሚከብባት ሸገር ከተማ ነው። አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው በቁቤ ነው፣ ቁቤ ደግሞ ላቲን ነው። ገላን፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ብትሄዱ ላቲኑ ፊደል በአብዛኛው የሚያገለግለው እንግሊዝኛን አይደለም።

ቁቤ አናባቢው ሲረዝም ፊደሉን ይደግማል፣ ተነባቢው ሲጠብቅም ይደግማል። በዚህ ምክንያት ተመሳሳይ ፊደል አጠገብ ላጠገብ ይደረደራል። ኢሊሊን ውሰዱ፣ አበባ ማለት ነው። ለሱቅም ለካፌም ደስ የሚል ስም ነው። በቁቤ ሲጻፍ ሰባት ፊደል ይሆናል፤ ሰባቱም «አይ» እና «ኤል» ብቻ ናቸው። በአሪያል ጻፉት። ትልቁ «አይ» ቀጥ ያለ እንጨት፣ ትንሹ «ኤል» ቀጥ ያለ እንጨት፣ የቀሩት ደግሞ ነጥብ የተደፋባቸው እንጨቶች። አጥር እንጂ ቃል አይመስልም። ከሩቅ ነጥቦቹ ሲጠፉ የሚቀረው ባዶ አጥር ነው። በስላብ ሰሪፍ ስትጽፉት ትልቁ «አይ» ከላይም ከታችም በሁለቱም ጎን ጭረት ያወጣል። ትንሹ «ኤል» ከላይ ወደ ግራ ብቻ፣ ከታች እግር። ቁጥር 1ም የራሱ መልክ አለው። ዓይን የሚይዘው ነገር ያገኛል። የስልክ ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ለሚጽፉ ጋራዦችም ይኸው ይጠቅማል።

ስለ ግዕዝ ፊደላችን ከጸሐፊው ጋር ግማሹን መንገድ አብሬ እሄዳለሁ። ስላብ ሰሪፍን አምጥተን የግዕዝ ፊደል እግር ላይ መትከል አይቻልም። አንዳንድ ወጣት ዲዛይነሮች ሲሞክሩት አይቻለሁ። ችግሩ ሌላ ነው፣ ውበት አይደለም። በእኛ ፊደል እግር ላይ የምትወጣ ጭረት ድምፅ ናት። በ እግሩ ላይ ወደ ቀኝ ጭረት ሲጨመርለት ቢ ይሆናል። ጭረቷ ወደ ወገቡ ከወጣች ቡ ይሆናል። ቀለበት ከሆነች ቤ። አሁን በ ላይ ለጌጥ ብላችሁ ሶሌታ ትከሉበት። አምፖል ሻጩ «በራ» ብሎ ያሰየመው ሱቅ ማታ ላይ «ቢራ» ተብሎ ይነበባል። ደንበኛ አያጣም፣ የሚጠብቀው ደንበኛ ግን አይደለም።

እስከዚህ እስማማለሁ። ከዚያ ተነስተው ስላብ ሰሪፍ ከግዕዝ ጋር አንድ ታፔላ ላይ መቆም የለበትም ሲሉ ግን አልከተላቸውም። የቁም ጽሕፈትን ብራና አይተዋል? በመቃ ብዕር የተጻፈው ፊደል ቋሚ እግሩ ድልብ ነው። ራሱም ትከሻውም ማዕዘን አለው። እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ሲያሳትም፣ ለግዕዝ የመጀመሪያ የሆኑት የብረት ፊደሎች የተቀዱት ከዚህ የእጅ ጽሑፍ ነው። ከእንዲህ ያለ ፊደል ጎን ቀጭን ሳንስ ስታስቀምጡ ሁለቱ አይተዋወቁም። አንዱ ጋቢ ደርቦ፣ ሌላው በካናቴራ የመጣ ይመስላል። ወፈር ያለ ስላብ ሰሪፍ ግን ክብደቱ ይመጥነዋል። መልኩን መምሰል የለበትም። ክብደቱ ከገጠመ በቂ ነው።

እንዴት እንደሚገጠም ልናገር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ብዙ ቤት ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይጠቀማል፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር የመጣ ነው። ለንባብ የተሠራ ሸጋ ፊደል ነው፣ ለታፔላ ግን ይሳሳል። ሠራተኛው ሊያወፍረው ዙሪያውን አውትላይን ይጨምርበታል። ያኔ የቤ እና የሌ ቀለበት ይደፈናል፣ የቡ ጭረት ከእግሩ ጋር ይጣበቃል። ጥሩው መንገድ ሲሳል ጀምሮ ወፍራም የሆነውን መውሰድ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ ድልብ በተለያየ ውፍረት ይገኛሉ፣ በነፃ። የግዕዙን ቋሚ እግር ከላቲኑ ቋሚ መስመር ጋር አስተያዩ። እኩል የሆነው ላይ ስትደርሱ አቁሙ። የፎንቱን ቁጥር ትታችሁ በዓይን ለኩ፣ ምክንያቱም 100 ነጥብ በግዕዝና 100 ነጥብ በላቲን አንድ ቁመት አይሰጡም።

ለንባብ አይሆንም የሚለውን ቶሎ ልለፈው። ሰሪፍ ያለውና የሌለው ፊደል የትኛው ይነበባል ተብሎ ብዙ ተጠንቷል፣ ወጥ የሆነ አሸናፊ አልወጣም። መጠኑ፣ ክፍተቱና ከጀርባው ያለው ቀለም ይበልጣሉ። ላይኖታይፕ እ.ኤ.አ. በ1925 ያወጣው አዮኒክ ቁጥር 5 የክላረንደን ዘመድ ነው፤ ለጋዜጣ ተብሎ ነው የተሠራው። ርካሽ ወረቀትና ፈጣን ማሽን ቀጫጭን መስመሮችን ይበሉ ስለነበር ነው። የስክሪኑም ነገር እንደዚያው። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2007 ኪንድል የሚባለውን የንባብ መሣሪያ ሲያወጣ መጽሐፍ የሚያስነብበው በሴሲሊያ ነበር። ፒተር ማቲያስ ኖርድዛይ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ስላብ ሰሪፍ ነው። በዚያ ግራጫ ስክሪን ላይ ቀጭን መስመር ይጠፋ ነበር። ሙሉ ገጽ በሮክዌል ቦልድ ካነበባችሁ ግን ትደክማላችሁ፣ ይህንን አልክድም። ማንም እንደዚያ አድርጉ አላለም።

ታላላቆቹ ትተውታል? የሶኒን ስም እዩት። የሆንዳን እዩት። መንገዳችን ላይ የሚያልፈውን የቮልቮ መኪና ግንባር እዩት። የአይቢኤም ምልክት፣ ፖል ራንድ እ.ኤ.አ. በ1956 ያበጀው፣ ጆርጅ ትረምፕ ከሠራው ሲቲ ከሚባል ስላብ ሰሪፍ የተነሳ ነው። ዛሬም አለ።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ ግን ቢያነሱት ኖሮ የሚረቱበት ነገር አለ። እኔው ላንሳላቸው። ስላብ ሰሪፍ ላይት ቦክስ ላይ ይቸግራል። ከኋላው መብራት ሲበራ ብርሃኑ ከፊደሉ ጠርዝ ወጥቶ ይፈሳል፤ ነጭ ፊደል በጥቁር ላይ ከሆነ ማታ ማታ ይፋፋል። ወፍራም እግሮች ይነካካሉ፣ የላቲኑ «ኤ» ሆድ ይደፈናል። እዚያ ላይ ቀለል ያለውን ውፍረት እመርጣለሁ፣ ክፍተቱንም አሰፋለሁ፤ አንዳንዴ ሳንስ አደርገዋለሁ። ማህተም ላይም እንዲሁ። በክቡ ዙሪያ የድርጅቱ ስም በሁለት ቋንቋ ሲገባ ፊደሉ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚቀረው። ቀለሙ ወረቀት ላይ ሲዘረጋ የስላቡ እግር ከጎረቤቱ ጋር ይያያዛል። ማህተም ላይ ስላብ አልጠቀምም።

ሲኤንሲ በሚባለው፣ በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን ላይ ደግሞ የስላቡ ዓይነት ይወስናል። የሚቆርጠው ምላጭ ክብ ነው። 6 ሚሊ ሜትር ምላጭ በውስጥ ማዕዘን ላይ የ3 ሚሊ ሜትር ጥምዝ ይተዋል፣ የፈለገ ቢመጣ ሹል ማዕዘን አያወጣም። ስለዚህ አክሪሊክ ወይም ኤምዲኤፍ ላይ ሮክዌል ሲቆረጥ ያ ቀጥ ያለው የእግሩ መገጣጠሚያ ይሟሟል፣ ያልተጠናቀቀ ሥራ ይመስላል። ክላረንደን ግን ሲፈጠርም እግሩ ከቋሚው ጋር የሚገናኘው በጥምዝ ነው። ምላጩ የሚተወው ጥምዝ ከተሳለው ጥምዝ ጋር ይገጥምና ማንም አያውቅም። ክላረንደንን የቀረጸው ሰው ስለ ሲኤንሲ አላሰበም፣ ለእኛ ግን የተሠራ ይመስላል።

የመጨረሻው ሐሳባቸው ይቀራል፤ አንድ ቀጭን ሳንስ በመመሪያ ይታዘዝ የሚለው። የክትፎ ቤትና የፋርማሲ ታፔላ አንድ መልክ ሲኖራቸው መንገዱ ያምራል ብዬ አላስብም። ሰው የሚፈልገውን ሱቅ ከሩቅ የሚለየው በመልኩም ጭምር ነው። ታዛዥ ሆነን ብንለጥፈውም፣ ቀጭኑ ፊደል ሁለት በጋ ሳያልፍበት ግማሹ ተነስቶ እናየዋለን፤ ባለሱቁም እንደገና ይከፍላል። የስቲከር ቁራጭ ዋጋው በካሬ ስለሆነ ቀጭን መሆኑ አንድ ብር አይቀንስለትም።

መመሪያ መውጣቱን አልጠላም። መንገዱ ዳር ለሚቆም ታፔላ ዝቅተኛ የፊደል ቁመት ይወሰን፣ እንደ መኪናው ፍጥነት። ግዕዙና ቁቤው ተመጣጣኝ ቦታ ያግኙ። ፊደል በጎን መጨመቅ ይከልከል፤ ስም ከረዘመ በሁለት መስመር ይጻፍ። በአንድ ግድግዳ ላይ ስንት ታፔላ እንደሚሰቀል ልክ ይበጅ፤ ጸሐፊውን በመጀመሪያ ያስከፋቸው መደራረብ የሚቀለው በዚህ ነው። እንዲህ ያለ ረቂቅ ካዘጋጁ እኔም እፈርማለሁ። የቁመቱን ሠንጠረዥ ለማውጣትም ሰው ካስፈለገ አለሁ።